እሑድ እሑድ የሚርስ ጓንት

ጓንቱ ዛሬም እርጥብ ነው። ማግኔት በረንዳው ላይ ቆማ አውራ ጣቱን ጫን አደረገችው፤ ውሃ ጠብ አለ። ዓርብ ማታ ራሷ አጥባ ራሷ ያሰጣችው ጓንት እስከ እሑድ ከሰዓት ሳይደርቅ ሊቆይ አይችልም። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የእሷን ሻምፖ አይሸትም። የሚሸተው ደረቅ የልብስ ሳሙና ነው።

«ሰው ነክቶታል» አለች ለራሷ። «ባለፈው እሑድም እንዲሁ ነበር።»

ማግኔት ትክክለኛ ስሟ አይደለም። የትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን በረኛ ናት፤ ኳስ አንዴ እጇ ከገባ አይላቀቅም ብለው ያወጡላት ቅጽል ነው። ጓንቱን ያመጣችላት አክስቷ ናት። መዳፉ ላይ ያለው ስፖንጅ ስስ ስለሆነ እንደ አራስ ልጅ ነው የምትይዘው፤ እጇ ላይ እንዳጠለቀችው ለብ ባለ ውሃና በሕፃናት ሻምፖ ቀስ እያለች ታሸዋለች። አትጠመዝዘውም። ፎጣ ውስጥ ጠቅልላ ጫን ጫን ታደርገውና ፀሐይ በማያገኘው የበረንዳው ጥግ፣ መዳፎቹ እንዳይጣበቁ አራርቃ ታሰጣዋለች።

«አንቺን እንኳ እንዲህ አድርጌ አላጠብኩሽም» እያለች እናቷ ትስቅባታለች።

ታዲያ ማን ነው? ደግሞስ የትኛው ሌባ ነው የወሰደውን አጥቦ የሚመልስ? ማግኔት እሑድ ጠዋት ማጠናከሪያ ትምህርት አላት፤ ልብስ ሰፊዋ እናቷም የሰፋችውን ለደንበኞች ታደርሳለች። ይህን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። እያሰበች ሳለ አንድ ሰው ፊቷ ላይ ድቅን አለች። ሚጢጢ።

ሚጢጢ የክፍል ጓደኛዋና የቡድኑ ተጠባባቂ በረኛ ናት። የምትኖረው እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ስለሆነ እንደ ቤቷ ትገባለች፣ ትወጣለች። የራሷ ጓንት የላትም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የማግኔትን ጓንት እያገላበጠች «ኧረ ይሄ ነገር ቶሎ አያረጅም እንዴ?» ብላ ነበር። ያኔ እንዲሁ የተባለ ነገር ነበር፤ አሁን ግን ማግኔት ደጋግማ ባሰበችው ቁጥር የሌባ ጥያቄ ሆኖ ተሰማት።

ሰኞ ልምምድ ላይ አልቻለችም፤ አወጣችው።

«ጓንቴን ስትፈልጊ ለምን አትጠይቂኝም?»

ሚጢጢ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። «የቱን ጓንት?»

«ባክሽ አትፎግሪኝ። እሑድ እሑድ ማን እንደሚወስደው አውቃለሁ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ለብሼው የት ልሄድ?»

የቡድኑ ልጆች ወሬያቸውን አቁመው ዞሩ። «በቃ ቀወጡት!» አለች አንዷ። ሚጢጢ ብድግ ብላ ጓንቱን ከማግኔት እጅ ወሰደች፤ አጠለቀችውና እጆቿን ወደ ላይ አነሳች። እንደ ስሟ እጇም ትንሽ ነው። የጓንቱ ጣቶች ጫፋቸው ባዶ ሆኖ ወደ ኋላ ተንጠለጠለ።

«በዚህ እጅ?» አለች። «ሌባ ልትዪኝ ከሆነ በግልጽ በይኝ።»

ማግኔት ጓንቷን ብቻ ተቀብላ ዞር አለች። ይህ ከስድብ ባሰ። በማግስቱ ሚጢጢ ደብተሮቿን ሰብስባ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ያን ዕለት ማታ ማግኔት ጓንቱን ራሷ አጠለቀችው። የእሷም ጣቶች ውስጡ ይዋኛሉ። ልክክ ይልባት የነበረው ጓንት ሰፍቷል። መዳፉን ስታገላብጠው ደግሞ ስፖንጁ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፤ ሰው ጠምዝዞታል። የትልቅ ሰው እጅ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሐሳቡ ሽው ሲልባት «አይ፣ እሱማ አይሆንም» ብላ ጓንቱን አስቀመጠችው።

የማይሆንበት ምክንያት ነበራት። አናጢው አባቷ ከክረምቱ በፊት ዓይኑን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ሐኪሙ እናቷ ባለችበት ነበር የተናገረው፤ ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ እንዳትዘል፣ ጭንቅላትህ እንዳይመታ፣ ይህ ዓይን ዳግመኛ ከተጎዳ ማዳን አንችልም አለው። ከዚያ ወዲህ አባቷ ባልዲ አንስቶ አያውቅም። ውሃ ደግሞ እነሱ የሚኖሩበት ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም። እናቷ ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ላይ ጎብጣ ስትሰፋ ውላ ትልቁን ጀሪካን ተሸክማ ትወጣለች፤ ማግኔት ትንሹን። አባቷ እሑድ ጠዋት «ቀለል ያለች ሥራ ነች፤ ቀለም ብቻ ነው» ብሎ ወደ እንጨት ቤቱ ይሄዳል።

በሚቀጥለው እሑድ ማግኔት ወደ ትምህርት የምትሄድ መስላ ወጣችና ከደረጃው ሥር ተደበቀች። ብዙም ሳይቆይ አባቷ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ ወረደ። ማግኔት ጆሮዋን አቀናች። መዶሻና መጋዝ የያዘ ቦርሳ በየደረጃው ይንኳኳል፤ ይሄኛው እንደ ትራስ ጸጥ ብሏል። ተከተለችው። እንጨት ቤቱ በቀኝ ነው፤ እሱ ወደ ግራ ታጠፈ።

የደረሰው ከጭነት መኪና ማቆሚያው ጀርባ ካለ ሜዳ ነው። ቦርጫቸውን ያስቀደሙ ሰዎች እየተሳሳቁ ኳስ ያንከባልላሉ። «በረኛችን መጣ!» ብለው ጮኹ። አባቷ ቦርሳውን ከፍቶ የማግኔትን ጓንት አወጣ።

ከአጥሩ ጋር ተለጥፋ አየችው። ሲወረወር አየችው፣ ጭቃ ውስጥ ተንከባሎ ሲነሳ አየችው። እንዲህ ከት ብሎ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ደስ ሊላት ምንም አልቀራትም ነበር። ወዲያው አንድ ኳስ ከቅርብ ተለግታ ፊቱ ጋ ስትደርስ በመዳፉ መለሳት፤ ማግኔት ሳታስበው «አባዬ!» ብላ ጮኸች።

ዞሮ አያት። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ወደ ቤት ሲመለሱ በረጅሙ መንገድ ሄዱ። ጓንቱን እሷ ይዛዋለች።

«ሁሌ አጥቤ ነው የማስቀምጠው» አለ አባቷ። «ጭቃውን እንዳታዪ ብዬ።»

«እንደ ካልሲ ጠምዝዘህ ነው የምታጥበው። ይኸው ተሰንጥቋል።»

«እገዛልሻለሁ።»

«ጓንቱን አይደለም የምልህ አባዬ። ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?»

«ሐኪም ብዙ ይላል። ወራት ሙሉ ቤት ውስጥ እንደ ዕቃ ስቀመጥ ...»

«እማዬ ጀሪካን የምትሸከመው እኮ ዓይንህ እንዳይጎዳ ብላ ነው።»

ማግኔት ጓንቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እኔ ደግሞ በዚህ ምክንያት ሚጢጢን ሰው ፊት ሌባ አደረግኋት።»

ቆመ። ይህን አላወቀም ነበር። «ለእናትሽ እኔው እነግራታለሁ» አለ። «ብቻ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«መቼ ነው የምትነግራት?»

«ቀን አይጠፋም።»

እናቷን ሁለተኛው ፎቅ ላይ አገኟት። ጀሪካኑን አሳርፋ ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነበር።

«አብራችሁ ናችሁ እንዴ?» አለች ግንባሯን በክንዷ እየጠረገች። «አንቺ ትምህርት አልነበረሽም?»

አባቷ ማግኔትን አያት። ምን እየለመናት እንደሆነ ገብቷታል። «መንገድ ላይ ተገናኘን» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፣ ቀኑም በሰላም ያልፋል።

«አልሄድኩም እማዬ። ከአባዬ ጋር ነበርኩ» አለች። «የት እንደነበርን እሱ ይንገርሽ።»

ጓንቱን ብብቷ ሥር ከትታ ትልቁን ጀሪካን በሁለት እጇ አነሳችው። እጀታው ጣቶቿን ቆረጣቸው። በየደረጃው እያሳረፈች ወጣች፤ በሩ ጋ ስታደርሰው ከታች የአባቷ ድምፅ ተሰማት። «እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ ...»

ጓንቱን ለማጠብ ሳፋውን ከአልጋው ሥር ሳበችው። ከዚያ ሐሳቧን ቀይራ መልሳ ወረደች። እናቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ አባቷ ባዶውን ቦርሳ እንደያዘ ፊቷ ቆሟል። እናቷ ቀና ሳትል ጉልበቷን ሰብሰብ አድርጋ አሳለፈቻት።

የሚጢጢ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘው ትል ነበር። ዛሬ ግን ደፉ ላይ ቆመችና አንኳኳች።