የሁለተኛው ዱላ ምስክር

«አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታዎት በይው፤ በቃ» አሉ የአባቷ ነገረ ፈጅ አቶ ጉልላት። «ነገ ችሎት ቀርቦ የሚመሰክረው ጎረቤታችሁ ነገሬ ነው። ከመጀመሪያው ምት በኋላ ራሱን ስቶ ስለነበር ምንም አያውቅም። ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺን ያምናል።»

የአሥራ አራት ዓመቷ ጽጌማርያም ገንፎ የያዘ ጣባ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሁለት ጊዜ ነው ቢልስ?»

«ያኔማ ነገሩ ሌላ ነው፣ ልጄ። ነገሬ መጥረቢያ አንሥቶ መጣ፤ አባትሽ ራሱን ለማዳን በዱላ መታው። ይህን ዳኛው ሊሰማኝ ይችላል። የወደቀን ሰው መድገም ግን መከላከል አይባልም፤ ከባድ ወንጀል ነው። አምስት ዓመት የመንገድ ሥራ ይፈርዱበታል። ከዚያ የተመለሰ ሰው አይተሻል?»

አላየችም። ጣልያን አዲስ አበባን ከያዘ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከኮልፌ ለመንገድ ሥራ የተወሰዱት እንደወጡ ቀርተዋል።

ነገሩን ያበላሸው እርቁ ነበር። አባቷ መሸሻና ጎረቤታቸው ነገሬ የተጣሉት ድንበር ላይ በበቀለ አንድ ባሕር ዛፍ ነው። ሽማግሌ ገባና አባቷ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ነገሬ ደጃፍ ተንበረከከ። በእርቅ ላይ የሚደበቅ ነገር የለም። «ወድቆ ሳለ ደገምኩት፤ ይማረኝ» አለ። ነገሬ ማረው፤ የተሰበሰበው ሁሉ አለቀሰ። ምን ያደርጋል፣ ካለቀሱት አንዱ የካራቢኔሪዎቹ፣ የጣልያን ፖሊሶቹ፣ አስተርጓሚ ነበር። በሳምንቱ መጥተው አባቷን አሰሩት። ሰፈሩ ይቅርታ ያለውን የጣልያኑ ዳኛ የእምነት ቃል ብሎ መዘገበው። አሁን አቶ ጉልላት «በእርቅ ላይ ሰው ጥፋቱን አብዝቶ ይናገራል» ብለው ሊከራከሩ ነው።

«ለጣልያን ቢዋሽ ምን አለበት?» አለች እናቷ አየለች፣ ዓይኗ ደም መስሎ። «አገራችንን በእውነት ነው እንዴ የወሰዱት?»

ጽጌማርያም ጣባውን እንደታቀፈች ወደ ነገሬ ቤት ወጣች። ጭቃውን እየረገጠች ስትሄድ ግን አንድ ነገር ከነከናት። የምትዋሸው ለጣልያን ሳይሆን ለነገሬ ነው።

በወጉ የመቺው ቤተሰብ ቁስለኛውን እስኪድን ይቀልባል፤ ስለዚህ ከእርቁ ቀን ጀምሮ ምግብ የምታደርስለት እሷ ናት። ነገሬ ወጌሻ ያሰረለትን ግራ ክንዱን ደረቱ ላይ አድርጎ መደቡ ላይ ተቀምጧል።

«ዛሬም ገንፎ? አባትሽ በዱላ ያልጨረሰኝን እናትሽ በገንፎ ልትጨርሰኝ ነው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ነገሬ ፊቷን አይቶ ቀልዱን ተወው።

«ነገ ይጠይቁኛል» አለ። «ጭንቅላቴን ሲለኝ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። አባትሽ በእርቁ ላይ ደገምኩት አለ፤ ነገረ ፈጃችሁ ደግሞ ሰው በእርቅ ላይ ጥፋቱን ያበዛል ይላሉ። ይህ ክንዴ ስወድቅ ድንጋይ አግኝቶት ነው ወይስ አባትሽ ነው? አንቺ ያልሽኝን እመሰክራለሁ። ለዳኛው ብዬ ብቻ አይደለም፤ ለራሴም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ድንጋይ ነው ማለት ብቻ በቂ ነበር። አባቷ ቤቱ ይገባል፤ እናቷ ትተኛለች። ጽጌማርያም ከንፈሯን ነከሰች። አባቷን ጠላችው፤ ወዲያው ደግሞ ናፈቃት። ሽማግሌ ፊት ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። የተናገረው ያ ሁለተኛው ዱላ እንቅልፍ ስለነሳው ነው። አሁን እሷ ብትክደው፣ ነገሬ የማረው ምኑን ሊሆን ነው?

«ጋሼ ነገሬ… አባቴ ነው። እርስዎ ወድቀው ሳለ ነው የመታዎት።»

ነገሬ የታሰረውን ክንዱን በደህናው እጁ ያዘ። ልቡ መጎዳቱ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«ነገ ምን እንደምል አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

«እኔም አላውቅም።»

«ይህን እንደምትነግሪኝ እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም» አለች ጽጌማርያም፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «አሁን ሄጄ እነግራታለሁ።»