ወረቀቱ ያልተላጠ ጠርዝ

ፎቶ አንሺው የሞተው ባልተጨረሰው የዓሣ ገንዳ አጠገብ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ራሱ ወደ ደረቱ ዘንበል ብሏል፤ እጆቹ ጭኑ ላይ ናቸው። እግሩ ሥር ክዳን የሌለው የማጣበቂያ ጠርሙስ ባዶውን ቆሟል። መስኮቱና በሩ ጥርቅም ብለዋል፤ ቬንትሌተሩም ጠፍቷል። ሐኪሙ የማጣበቂያው ትነት አፍኖት ነው አለ። መቼም ሐኪም ሰው እንዴት እንደሞተ እንጂ ለምን እንደሞተ አይናገርም። ለምኑን የሰፈሩ ሰው ቀብር ላይ ጨርሶት ነበር፤ «ሚስቱን ተከትሎ ሄደ» ብሎ።

መርማሪዋ የመጣችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ሐኪሙ ዘግይቶ ደውሎ፣ በሟቹ ደም ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒትም እንደተገኘ ነግሯት ነበር። ባልደረቦቿ «ቆይማ» ነው የሚሏት። ሁሉም ጨረስን ብሎ ኮቱን ሲያነሳ እሷ «ቆይማ» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቤቱ በጊዜ አይገባም።

በሩን የከፈተችላት የሟቹ ብቸኛ ልጅ ናት። ዓይኗ ከለቅሶ ብዛት አባብጧል። ክፍሉን ማንም እንዳይነካው ቆልፋ አቆይታዋለች። ግድግዳው በሙሉ የሟች እናቷ ፎቶ ነው፤ ስትስቅ፣ ፀጉሯን ስታደርቅ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ። የትም ብትዞር ሴትዮዋ አለች። ጥግ ላይ ባለው ሳፋ ውስጥ ዓሦቿ ይዋኛሉ፤ ትንሿ የአየር ፓምፕ እየነፋች ታንኮራፋለች።

«ይሰማዎታል?» አለች ልጅቱ።

«ፓምፑ ነው።»

«አዎ፣ ፓምፑ ነው። ግን አባዬ ሲተኛ ልክ እንደዚህ ነበር የሚተነፍሰው። ላጥፋው ብል ዓሦቹ ይሞታሉ። ተኝቼም እሰማዋለሁ።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ራሱን ነው የገደለው ትያለሽ?»

«መስኮት ሳይከፍት፣ ቬንትሌተር ሳያበራ አጣብቆ አያውቅም። አውቆ ነው። እሁድ ዕለት ‹ላገባ ነው፣ ከቤት ልወጣ ነው› አልኩት። አቅፎኝ ዝም አለ። ማክሰኞ ሞተ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ሰርጉስ?»

«የምን ሰርግ? ቀለበቱን መልሻለሁ።»

የሞተውስ ሞቷል፤ ይቺ ግን በቁሟ ልትቀበር ነው አለች መርማሪዋ በልቧ።

ማክሰኞ ዕለት ከሟቹ ጋር የተገናኙት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ልጅቱ ጠዋት ወጥታ ወደ እጮኛዋ ቤተሰቦች ሄዳ እዚያው አድራለች። ቀትር ላይ የፕላስቲክ ነጋዴው ለገንዳው የመጨረሻውን የፕላስቲክ ሉህ አምጥቷል። ማታ ደግሞ የሟቹ ታናሽ ወንድም ጎራ ብሎ ነበር፤ በማግስቱ ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።

ነጋዴው ቦርጫም፣ ለጨዋታ የማይሰንፍ ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ ሉሆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ» አለችው።

«ከጋሼ ፎቶ ጋር? ሲያደርቀኝ ከረመ እንጂ ምን ጠብ አለ። መስታወት ውሰድ ብለው እምቢ። ፖሊካርቦኔት ውሰድ፣ በመዶሻ ብትመታው አይሰበርም አልኩት፤ ቁራጩን በአሸዋ ፈትጎ ፈትጎ፣ ‹ይኸው ተጫጫረ፣ በዚህ ዓሣ ሊታይ ነው?› ብሎ መለሰልኝ። በስንት መከራ አክሪሊክ የሚባለውን ፕላስቲክ መረጠ። እሱንም ውፍረቱ ስምንት ሚሊ ይበቃሃል ብለው፣ ውሎ አድሮ ውሃው ያሳብጠዋል ብሎ አሥራ ሁለት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ።» የመጨረሻዋ ቃል ከአፉ እንደወጣች ደነገጠ። «አፌን ይቁረጠው» አለ።

ወንድምየው ከሲታ፣ ትሑት ሰው ነው። የፎቶ አንሺው ሚስት በሞተችበት መኪና መሪውን ይዞ የነበረው እሱ ነው፤ ፍሬኑ እምቢ ብሎ ነው ተብሎ ታልፏል። መርማሪዋ ክፍሉ ውስጥ ሆና ስታናግረው ከደጃፉ አላለፈም። ፎቶዎቹንም ቀና ብሎ አላየም።

«ሥራውን ያግዙት ነበር?»

«እንዴታ። እሱ ጠርዙን ማጣበቂያ ይቀባዋል፣ እኔ ሉሁን እይዝለታለሁ፣ ከዚያ ጫን እናደርገዋለን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መስታወት ለምን እንዳልመረጠ አሁን ነው የገባኝ። የመስታወቱ ማጣበቂያ ሰው አይገድልም፤ የዚህኛው ይገድላል። ከመጀመሪያውም አስቦበት ነው።»

ኮሪደሩ ላይ የቆመችው ልጅ ሰምታ ግድግዳውን ተደገፈች።

ሰውየው ከሄደ በኋላ መርማሪዋ ገንዳው አጠገብ ተንበረከከች። ሉሆቹ ከፋብሪካ የመጡበት ቡናማ መሸፈኛ ወረቀት ገና አልተነሳላቸውም። ሦስቱ መጋጠሚያዎች ላይ ግን ወረቀቱ ከጠርዙ ተልጦ፣ ፕላስቲኩ ከፕላስቲክ ጋር ውሃ መስሎ ተዋህዷል። አራተኛውን ስታይ «ቆይማ» አለች፣ የሚሰማት ሰው ሳይኖር።

በማግስቱ ከሰዓት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። በር ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል።

«ይግቡ እንጂ» አለችው ወንድምየውን። ገባና ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

«የኔ ልጅ፣ አባትሽ እንዴት ነበር የሚያጣብቀው?»

«መጀመሪያ ወረቀቱን ከጠርዙ ጣት ያህል እንልጣለን። ከዚያ ሉሆቹን ደረቃቸውን እናገጥማለን። ማጣበቂያው እንደ ውሃ ቀጭን ነው፤ በመርፌ ጠብ ሲያደርግበት ራሱ በመሃሉ ይሮጣል። መርፌውን የማቀብለው እኔ ነበርኩ።»

«ወረቀቱ ባይላጥስ?»

ነጋዴው ቀደማት። «ምኑን ከምኑ ሊያጣብቀው? ወረቀት ነው የሚያጣብቀው።»

መርማሪዋ አራተኛውን ሉህ ነካ አደረገችው። ሉሁ ወረቀቱን እንደለበሰ ተላቆ እጇ ላይ ቀረ። ፓምፑ ብቻ ይተነፍሳል።

«ሦስቱን የሠራው ሟቹ ነው። ይሄን ግን ሌላ ሰው ነው የለጠፈው።»

«ሊሞት የቆረጠ ሰው» አለ ወንድምየው ቀስ ብሎ፣ «ስለ ወረቀት ምን ያስጨንቀዋል?»

«ሊሞት የቆረጠ ሰው ጠርሙሱን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ማጣበቁ ምን ያደርግለታል? ሊሠራ የተነሳ ደግሞ ወረቀቱን ይልጣል። ሳይልጥ የሚለጥፍ፣ ሲሠራ ሞተ እንዲባል የፈለገ ሰው ነው፤ ያም አሠራሩን አያውቅም። ልጅቱ ታውቃለች። ነጋዴው ያውቃል። እርስዎ ግን ‹ይቀባል፣ ጫን እናደርጋለን› አሉኝ። አንድ ቀን እንኳ አልያዙለትም።»

ሰውየው ከንፈሩን አራሰ።

«አደጋ እንዲመስል ነበር ሐሳብዎ። ሟቹ ሲያጣብቅ መስኮት እንደሚከፍትና ቬንትሌተር እንደሚያበራ ስላላወቁ ግን ልጅቱ አባቴ ራሱን ገደለ ብላ አመነች። እርስዎም ይሄ ይሻላል ብለው እንጨት ጨመሩበት።» ወደ ልጅቱ ዞረች። «በዚህ ቤተሰብ የእንቅልፍ ኪኒን የሚወስድ ማነው?»

ልጅቱ ወደ አጎቷ ዞረች። «አጎቴ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ያለ ኪኒን አይተኛም።»

ወንድምየው ያን ጊዜ ቀና አለ። ከሁሉም ግድግዳ ሴትዮዋ ታየዋለች።

«ፍሬኑ ምንም አልሆነም ነበር» አለ። «ጠጥቼ ነው የነዳሁት። ወንድሜ ደረሰበት። ‹ከማግባቷ በፊት አንተው ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› አለኝ። እንዴት አድርጌ ዓይኗን ልየው? ኪኒኔን ሻዩ ውስጥ ጨምሬ እንቅልፍ እስኪወስደው አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሉሁን ለጥፌ፣ ጠርሙሱን ከፍቼ እሱ ሥር አስቀምጬ፣ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ይቺ ፓምፕ እኔም ቤት ትሰማኛለች።»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ሲያወጣው ልጅቱ አላየችውም። ዓይኗ እጆቿ ላይ ነበር።

«ግን መስታወት እምቢ ማለቱ» አለች በመጨረሻ። «አጎቴ ያለው ቢሆንስ? አባዬ ቀድሞውኑ አስቦት ቢሆንስ?»

«የለም፣ የለም» አለ ነጋዴው። «እኔ ነኝ እንጂ ሳምንት ከሳምንት የተሟገትኩት። ‹ልጄ አንድ ቀን ትወልዳለች› ይለኛል። ‹ልጆቿ እዚህ ገንዳ ላይ ይደገፋሉ፣ በአሻንጉሊት ይደበድቡታል። መስታወት ቢሰበር ይቆርጣቸዋል። እነሱ አድገው እስኪሄዱ የማይደበዝዝ ምረጥልኝ።› ማክሰኞ ሉሁን ሳመጣለት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ‹አላልኩህም? ልጄ ልታገባልኝ ነው› አለኝና ሳቀ። ስንት ዓመት ሳውቀው እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።»

ልጅቱ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «መቃብሩ ላይ ቆሜ ረግሜዋለሁ» አለች። «ትቶኝ ሄደ ብዬ።»

እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ወንበሯን ወደ ነጋዴው አስጠጋች።

«እባክዎ ይድገሙልኝ» አለች። «እሱ እንዳለው አድርገው።»

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠርጎ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት።