ቀለሙ እስኪደርቅ

ሟቹ ምንጣፍ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ እንቅልፍ ያሸነፈው ሰው መስሎ ነበር የተኛው። ከአጠገቡ የሞተር ሳይክሉ ሻንሲ፣ ጎማውም ሞተሩም ተፈቶ የቀረው ባዶ አጽሙ፣ ከጣሪያው ማገር በሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ ተቀብቷል። ሰፈርተኛው ሟቹን «ጥድፊያ» ይለው ነበር። ሲበላ ጥድፊያ፣ ሲያወራ ጥድፊያ። «ይሄ ሰውዬ ለገዛ ቀብሩም ቀድሞ ይደርሳል» እያሉ ይስቁበት ነበር። ዛሬ ያን ቀልድ ያስታወሰ ሁሉ ምላሱን ነከሰ።

ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሕፃን ልጇን አዝላ በሩን ተደግፋለች። እንባ እንኳ እምቢ ብሏታል። የአማቷ ድምፅ ከጓሮ ያለማቋረጥ ይሰማል።

«እሷ ናት መስኮቱን የዘጋችበት። በቀለም ሽታ አፍና ገደለችው። ውሰዷት፤ ልጅቷን እኔ አሳድጋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ የአንቀልባዋን ቋጠሮ ጠበቅ አደረገችው። ባሏን በቅጡ ሳታለቅስ ልጇን ሊነጥቋት ነው። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በልቧ።

መርማሪው እያስነጠሰ ገባ። ክፉ ጉንፋን ይዞታል። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ አፍንጫውን በእጁ ይዞ፣ «ጌታዬ፣ ሽታው ነው የገደለው። ጠባብ ክፍል፣ የተዘጋ መስኮት። ነገሩ ግልጽ ነው» አለው።

«ለአንተ ነው ግልጽ የሆነው። እኔ ምንም አይሸተኝም» አለና ተንበረከከ።

ጣቱን ሻንሲው ላይ አሳለፈ። የታችኛው ብረት ይሻክራል፤ ቀለሙ ውስጥ ግራጫ ብናኝ ተጣብቆበታል። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ካርቶን የተረጨውን ቀለም ጠጥቶ ቀልቷል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ሦስት ጠባብ ጠባብ የእግር ምልክቶች አሉበት። ከዚያ መስኮቱን ከፈተና፣ ሲዘጋ የሚሸፈነውን ጠርዙን ጎንበስ ብሎ አየ። ቀይ ነበር።

«እህቴ፣ ትናንት ተጣልታችኋል?» ሲል ልብስ ሰፊዋን ጠየቃት።

«ተጣልተናል» አለች። ምን ያስዋሻታል፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። «ሽታው በመስኮቱ እየወጣ ወደ እኔ ክፍል ገብቶ የደንበኛዬ ቀሚስ ቀለም ቀለም ሸተተብኝ። ‹መስኮቱን ካልዘጋኸው እኔ እዘጋዋለሁ› ብዬዋለሁ። ግን አልዘጋሁም። ቀሚሱን በላስቲክ ጠቅልዬ ተኛሁ።»

«ለምን ቤት ውስጥ ቀባው?»

«ውጭ ዝናብ ነዋ። ዕቃ የማድረስ ሥራ አግኝቶ፣ ቀጣሪዎቹ ቀይ ሞተር ያለው ብቻ ነው የምንፈልገው ብለውታል። እራት ላይ ‹በዚህ እርጥበት እስከ ጠዋት ካልደረቀ አለቀልኝ› ሲል ነበር። የክፍሉ በር ቁልፍ ስለሌለው ሌባ ፈርቶ እዚያው ተኛ።»

«ክፍሉ ውስጥ እሳት ነበር?»

«እሳት? የከሰል ካውያዬን እንኳ ‹ቲነር ባለበት ታነጂናለሽ› ብሎ ተቆጥቶ አስወጥቶብኛል።»

የሟቹ ጓደኛ ሜካኒኩ ተራው ሲደርስ የጠቆረ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርግ ጀመር።

«ሥራውን አንተም ፈልገኸው ነበር አሉ።»

«ፈልጌ ነበር። ቀደመኝ። መቼስ ጥድፊያ አይደል» አለና ድምፁ ተሰበረ። «ብረቱን አብሬው ሰቀልኩ፣ አብሬው ረጨሁ። መስኮቱን ድንጋይ አስደግፌ ከፍቼለት ነው የሄድኩት።»

«ቶሎ እንዲደርቅ እሳት ብታስገባለትስ?»

«ቲነር ባለበት እሳት? ጌታዬ፣ እብድ አስመሰሉኝ።»

አማቲቱ ጓሮ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ያሻሉ። ከጎናቸው ባለ ሦስት እግር የከሰል ምድጃ ውሃ እያንጠባጠበ ተደፍቷል።

«እናቴ፣ ምድጃው የማነው?»

«የእኔ ነው። ጉልበቴን የምሞቅበት።»

«ዛሬ ምነው አልሞቁም?»

«ልጄ ሞቶ እኔ ልሙቅ?»

መርማሪው መሀረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ የምድጃውን እግሮች አየ፤ ከዚያ ሁሉንም ሻንሲው የተሰቀለበት ክፍል በር ላይ ሰበሰባቸው።

«ሁላችሁም አፍንጫችሁን ተከተላችሁ» አለ። «እኔ ጉንፋን ስለያዘኝ ዓይኔን ብቻ አመንኩ። መስኮቱ ሲዘጋ የሚደበቀው ጠርዝ ቀይ ነው። ቀለሙ ሲረጭ መስኮቱ ክፍት ነበር ማለት ነው፤ የተዘጋው በኋላ ነው።»

«በእሷ እጅ» አሉ አማቲቱ። ድምፃቸው ግን የጠዋቱ ድምፅ አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ኋላ ልካ ልጇን ደገፈች። ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ተንቀሳቀሰች።

«ቀለሙ ላይ አመድ ተጣብቋል። ሳይደርቅ እዚህ ከሰል ነዷል። ሰውየውን የገደለው ይሄ ነው እንጂ ቀለሙ አይደለም፤ በተዘጋ ክፍል የነደደ ከሰል የተኛን ሰው እንደተኛ ይወስደዋል። ጠዋት ግን ምድጃ አልተገኘም። አንድ ሰው አውጥቶታል።»

«ማን?» አለ ሜካኒኩ።

«ቀለም የሚያውቅ ሰው ቲነር ባለበት እሳት አያስገባም። አንተ ታውቃለህ። እሷንም ባሏ በካውያዋ ምክንያት ተቆጥቷታል። ያስገባው ቀለም የማያውቅ ሰው ነው። የሚያውቀው፣ እርጥብ ነገር በእሳት እንደሚደርቅና ሙቀቱ እንዳይወጣ መስኮት እንደሚዘጋ ብቻ ነው። በዚህ ዝናብ፣ ሬሳ ባለበት ቤት፣ ምድጃ ያጠበ ሰው አለ። አመዱን አጥቧል፤ የሦስቱ እግሮች መርገጫ ግን እስካሁን ቀይ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ አማቲቱ ዞረ።

«የትምህርት ቤት ልብሱን እንዲህ ነበር የማደርቅለት» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው። «ዝናብ በመጣ ቁጥር ዕቃ ቤቱን ዘግቼ ከሰል አስገባለሁ። ጠዋት ሞቅ እንዳለ ይለብሰዋል። ያኔ ግን እሱ እኔ ጉያ ነበር የሚተኛው። ትናንት ‹አለቀልኝ› ሲል አንጀቴን በላው። እንዳልቀሰቅሰው በእግሬ ጣት ነው የገባሁት። ብርድ ልብሱንም ደረብኩለት።»

«ጠዋትስ?»

«ቀዝቅዞ ጠበቀኝ። ምድጃውን ሳየው ገባኝ። የገዛ እጄ ነው ከምል፣ በሰው ማሳበብ ቀለለኝ። ምን ዓይነት እናት ነኝ እኔ?»

ልብስ ሰፊዋ ከጠዋት ጀምሮ ይህችን እውነት ስትለምን ነበር። አሁን መጣችላት። ልጇ ቀረችላት፤ ባሏ ግን አልተመለሰም። በንዴት ወደ አማቷ አንድ እርምጃ ተራመደች። ልጄን ሊነጥቁኝ ነበር እኮ ልትል አፏን ከፈተች።

ፖሊሱ አሮጊቷን በክንዳቸው ደግፎ ሊወስዳቸው ሲል በሩ ላይ ቆም አሉ። የተንጠለጠለውን ብረት አይተው ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ደርቆለት ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ገብታ እጇን ሻንሲው ላይ አሳረፈች። እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ተፍቆ እንደገና ካልተቀባ ለምንም አይሆንም።

«ደርቋል፣ እማማ» አለቻቸው። «አምሮበታል።»