የማትቆመው ሞተር

ቀይዋ ሞተር ከጋሽ ወልደሩፋኤል ሱቅ ደጃፍ ተስፈንጥራ ስትነሳ ፌኔት ራሷ እዚያው ደረጃው ላይ የቀረች መሰላት። የአባቷን ትከሻ ጨምድዳ ያዘች። አስፋልቱን ሲይዙ ቁልቁል የባጃጆቹን ጣሪያ አየች። ነቀምቴን ከዚህ ከፍታ አይታት አታውቅም።

«ያዝሽ?» አለ አባቷ።

«አንተ ብቻ ንዳ።»

አባቷ ጂሩ የከብት ሐኪም ነው። ወረቀቱ ላይ «ቴክኒሻን» ይላል፤ ላሙ የታመመችበት ገበሬ ግን ወረቀቱን አይቶት ስለማያውቅ አገር ምድሩ «ዶክተር» ይለዋል። አሮጌዋ ሞተሩ ባለፈው ወር ጉቶ ጊዳ ገጠር፣ ጭቃ መሀል ቀጥ ብላ ቀርታ በአህያ ጋሪ ተጭና ነው ከተማ የገባችው። ሞተር የሌለው የከብት ሐኪም ደግሞ ፌኔት እንደምትለው ለቀስተኛ ነው፤ የሚደርሰው በሬው ከሞተ በኋላ ነው።

ጋሽ ወልደሩፋኤል ሱቅ ውስጥ ሁለት ሞተሮች ነበሩ። ቀይዋ ረጅም ናት፤ ጎማዋ ጥርሳም፣ ብዙ ነዳጅ የምትይዝ፣ ጭቃና ኮረኮንች የማትፈራ የሩቅ መንገድ ሞተር። ሁለተኛዋ አመድማ፣ ዝቅ ያለች፣ መቀመጫዋ ሰፊ፣ ነዳጅ ቆጣቢ ናት። «ዳቦ ለመግዛት ትሆናለች» ብላ ነበር ፌኔት ገና እንዳየቻት። ጋሽ ወልደሩፋኤል ያቺ የሚወዷት የወተት ላማቸው ዛሬ በሕይወት ያለችው በጂሩ ስለሆነ፣ «ዛሬ ቀይዋን ውሰድ፣ ነገ አመድማዋን። ከዚያ ልብህ የወደዳትን ትነግረኛለህ» ብለው ቁልፉን ሰጡት።

የፌኔት ልብ ሙከራ አላስፈለገውም። አባትና ልጅ የቆየ ውጥን አላቸው፤ ትምህርት ሲዘጋና መንገዱ ደህና ሲሆን በሞተር ጊምቢን አልፈው እስከ ደምቢ ዶሎ ሊሄዱ። የት ቁርስ እንደሚበሉ፣ የትኛው ወንዝ ዳር ፎቶ እንደሚነሱ ሳይቀር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ለዚህ ደግሞ ቀይዋ ናት እንጂ ዳቦ ገዢዋ አትሆንም።

ሌላም ምክንያት ነበራት፤ እሱን ለአባቷ አልነገረችውም። ጂሩ ሰላም የሚለው ሰው ካየ መቆም አለበት። ባኬ ጃማ ካለው ቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት መንገዱ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ በአሮጌዋ ሞተር ግን እጅ በተነሳ ቁጥር ጥግ ይይዛሉ። «አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ?» «ነጋ፣ ደህና፤ አንተስ?» ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ፣ ደግሞ እንደገና ልጆቹስ። ፌኔት ከኋላ እንደ በቆሎ ጆንያ ተቀምጣ ትጠብቃለች። በሩ ላይ ያሉት ዘበኛ «ዛሬስ ማን አግኝቷችሁ ነው?» ሲሏት ትምህርት ቤቱ ሁሉ ይስቃል።

ዛሬ ግን አንድም ቦታ አልቆሙም። ሰዎች እጃቸውን ሲያነሱ አባቷ በክላክስና በራስ ንቅናቄ አለፋቸው። ደወሉ ሳይደወል ደረሱ። በሩ አጠገብ ያለውን ትልቅ ድንጋይ ተጠግቶ፣ ግራ እግሩን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ አወረዳት።

የክፍል ጓደኛዋ መክሊት አጥሩን ተደግፋ ትጠብቃት ነበር። የመክሊት አባት የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ በዝውውር ከሐዋሳ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። መክሊት ሐዋሳ ያላየችው ነገር ሁሉ የሌለ ይመስላታል።

«ይቺ ናት እንዴ?» አለች።

«እና የጎረቤት ትመስላለች?»

«ቀሽት ናት። ግን ገና እየሞከርን ነው አላልሽም?»

«ሙከራው ለወጉ ነው። እሷን ነው የምንገዛው። ከደምቢ ዶሎ ስመለስ አቧራዬን ሳላራግፍ ነው ክፍል የምገባው።»

«ጉራሽን ቀንሺ በናትሽ።»

«ጉራ የሚባለው የሌለሽን ስታወሪ ነው» አለች ፌኔት፤ ሄልሜቷንም ክፍል ድረስ ሳታወልቅ ገባች።

ከሰዓት በኋላ አንድ የታመመ በሬ ሊያዩ አብረው ወደ ጉቶ ጊዳ ወረዱ። አስፋልቱ አልቆ ቀዩ አፈር ሲጀምር ሞተሯ ጭራሽ ደስ ያላት መሰለች። ከከተማው መውጫ ብዙም ሳይርቁ፣ መንገዱ ዳር አንዲት አሮጊት በአንድ እጃቸው የጊደር ገመድ ይዘው ሌላውን እጃቸውን አነሱ። አዴ ሸዋርጋ ናቸው፤ «አዴ» እንደ «እማማ» ያለ የአክብሮት አጠራር ነው። አባቷ በዚያ ባለፈ ቁጥር ቤታቸው ደጃፍ ይቆማል፤ ለፌኔትም ሸንኮራ ሳይሰጡ ሸኝተዋት አያውቁም።

አባቷ ፍሬን ያዘ። የመንገዱ ዳር ወደ ቦዩ ያዘቀዘቀ ነበር። ግራ እግሩ ከማሳረፊያው ወርዶ አየር ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። የጫማው ጫፍ አፈሩን ነካ፣ ተንሸራተተ። ሞተሯ ከነፌኔት ወደ ቦዩ ዘመም አለች። ወዲያው እግሩን ወደ ማሳረፊያው መለሰና ነዳጅ ሰጠ።

«ቦሩ፣ ነገ እመጣለሁ፣ አዴ!» ብሎ ጮኸ።

ፌኔት ዞራ አየች። አዴ ሸዋርጋ እጃቸውን አላወረዱም። አቧራው እስኪሸፍናቸው ድረስ እጃቸው እንደተነሳ፣ ጊደሯም አጠገባቸው አንገቷን ደፍታ እንደቆመች ነበር።

«ለምን አልቆምክም?»

«እንዳይመሽብን ብዬ ነው» አለ አባቷ።

ፀሐይዋ ገና አናታቸው ላይ ነበረች። አባቷ ሲዋሽ ፌኔት ሰምታው አታውቅም።

በሬው ያለበት ግቢ ሲደርሱ አባቷ ወዲያው አልወረደም። ግቢውን ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። በመጨረሻ አንድ የተቆረጠ ግንድ አገኘና ተጠግቶ ቆመ። ያኔ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣላት። ጠዋት የተነሱት ከሱቁ ደረጃ ነው። ትምህርት ቤት የቆመው ድንጋዩ ጋ ነው። ሰላምታውን ሁሉ በክላክስ የዘለለው ስለቸኮለ አይደለም። አባቷ አጭር ሰው ነው። አባት በቁመት የሚለካ ነገር መሆኑ ከዚያን ቀን በፊት ትዝ ብሏት አያውቅም።

በማግስቱ ማለዳ በአመድማዋ ሞተር ከቤት ወጡ፤ ትምህርት ቤት ከመድረሷ በፊት አዴ ሸዋርጋ ጋ ብቅ ሊሉ ነው። ሞተሯ ድምፅ እንኳ የላትም፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ታጉረመርማለች። አባቷ ግን ሁለት እግሩ መሬት ነክቶ ከባጃጅ ነጂው ጋር አወራ። ከወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ጋር አወራ። እህል የጫኑ አህዮች መንገድ ሲዘጉበት ከባለቤታቸው ጋር አወራ። ፌኔት ጆንያነቷ ተመለሰ።

አዴ ሸዋርጋ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ።

«አካም ቡልተኒ፣ አዴ?» አለ አባቷ ከሞተሯ ወርዶ።

«ነጋ። ልጆቹ ደህና? ሚስትህስ?» አሉና የጊደሯን ገመድ አቀበሉት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ትናንት አንተን የሚመስል ሰው በቀይ ሞተር አለፈ። ኮቱ እንኳ ቁርጥ ያንተን ኮት። እኔ ግን ጂሩ ቢሆን ይቆም ነበር ብዬ ዝም አልኩ» አሉት።

ጂሩ ጎንበስ ብሎ የጊደሯን መንጋጋ ዳሰሰ። አንድ ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ደፍኖት ነበር። መርፌውን ሲያዘጋጅ ሲያጉተመትም ፌኔት ሰማችው። «ትናንት ቢሆን ቀላል ነበር» ነው ያለው፤ ለራሱ።

«ትድናለች?» አለች ፌኔት።

«ትድናለች። ግን ታማለች።»

አዴ ሸዋርጋ ሸንኮራውን ሰብረው ሰጧት። ትምህርት ቤት ስትደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ዘበኛው «ዛሬስ ማን አግኝቷችሁ ነው?» አሏት። ፌኔት ለዚህ ሁልጊዜ የተሳለ መልስ ነበራት፤ ዛሬ ግን ሸንኮራውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠቻቸውና አለፈች።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ መክሊት አልላቀቅ አለቻት። «ስትገዙ ማየት አለብኝ። ፎቶ አነሳሻለሁ» አለች። ሱቁ ሲደርሱ አባቷ ሁለቱ ሞተሮች መሀል ቆሞ ነበር። ጋሽ ወልደሩፋኤል መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣

«እህስ ዶክተር፣ የቷ ናት?» አሉ።

አባቷ የአመድማዋን መቀመጫ በመዳፉ ዳበስ አደረገ፤ ላም ሲያረጋጋ እንደሚያደርገው። ከዚያ እጁን አነሳ።

«ቀይዋ ትሁን።»

«ወደሃታል?»

«ለዚች ልጅ ቃል አለብኝ፤ ደምቢ ዶሎ። እሷ የሚያምራት ቀይዋ ናት። እኔ ቀስ በቀስ እለምዳታለሁ።»

 ፌኔት እኮ ቀይዋን አባቷ ራሱ የወደዳት መስሏት ነበር። መክሊት ስልኳን አውጥታ ቀይዋ ላይ አነጣጥራለች። ነገ ክፍሉ በሙሉ ፎቶውን ያያል። ፌኔት ዝም ካለች ይሄ ሁሉ የእሷ ነው፤ ከፍታውም፣ ጎማውም፣ ከደወል በፊት መድረሱም። አባቷም ዝም ብሎ ድንጋይ ሲፈልግ ይኖራል።

ለአባቷ «አጭር ነህ» ማለት ደግሞ፣ ያውም በሰው ፊት፣ ምላሷን ምላጭ የሚሏት እሷ እንኳ አትለውም።

«እኔ ቀይዋን እፈራታለሁ» አለች።

ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ፌኔት «እፈራለሁ» የምትለውን ቃል በዕድሜዋ ለመርፌ እንኳ አውጥታት አታውቅም።

«ማን፣ አንቺ?» አለች መክሊት።

«አዎ፣ እኔ። ከፍታዋ ያዞረኛል። ትናንት ስንመለስ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመጣሁት።»

መክሊት ሳቋ አመለጣት። «ከደምቢ ዶሎ አቧራዬን ሳላራግፍ ያልሽውስ? ነገ ክፍል ውስጥ ይሄን ባልናገር…»

«ንገሪያቸው። እኔም ቢጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።»

አባቷ አያት። የጊደሯን ጉንጭ ያየበት ዓይን ነበር፤ ሳይነካ የሚያመውን ቦታ የሚፈልግ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትፈሪው፣ ኢንተላኮ፣ ልጄ?»

«ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ።»

«የት ስንደርስ?»

«አዴ ሸዋርጋ ጋ።»

ጂሩ ወደ ጫማው አየ። ቀና ሲል ጆሮው ቀልቶ ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን ፈገግታ ሊመጣ ሲታገል ታየ። ሄልሜቷን ከእጇ ተቀብሎ ራሷ ላይ አጠለቀላትና ማሰሪያውን እንደ ሕፃን ልጅ አገጯ ስር ቆለፈላት። መክሊት ፊት። ፌኔት ቻለችው።

«ጋሽ ወልደሩፋኤል፣ አመድማዋን» አለ።

«አውቄ ነበር» አሉ ጋሽ ወልደሩፋኤል። ማወቃቸውን ግን ማንም አላመነም።

ወደ ቤት ሲሄዱ አባቷ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ነዳ።

«ደምቢ ዶሎ ግን አልቀረም» አለ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ። «ይቺም ታደርሳለች፤ ቀስ ብላ።»

«በየከተማው ቆመህ ሰላም ስትል እኔ ፀጉሬ ይሸብታል።»

«አንቺም ሰላም ትያለሻ።»

ፌኔት መልስ አላጣችም፤ ግን ተወችው። ባኬ ጃማ መታጠፊያ ላይ አባቷ ፍሬቻ አብርቶ ከፊቱ የሚመጣውን የጭነት መኪና ያይ ነበር። በወዲያኛው ዳር፣ ከአጥሩ ስር፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እጃቸውን አንስተው ነበር። አባቷ አላያቸውም። እሷ አየቻቸው። ለነገ ጠዋት የምታደርሰው የቤት ሥራ አለባት፣ ርቧታል፣ ሰውዬው ደግሞ ወሬ አያልቅባቸውም።

ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

«አባዬ፣ ቁም። ሰው አለ።»