ቀላሉ ደጋን

አራተኛዋም ፍላጻ ኢላማውን በግራ በኩል ስታ ከኋላው ባለው የገለባ ክምር ውስጥ ተሰካች። ልጅቷ ደጋኑን ዝቅ አድርጋ አክስቷን በጎን አየቻት።

«የልጅ መጫወቻ ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው» አለች።

አክስቷ አናጺ ናት፤ ከወንበርና ከመስኮት ሥራ በሚተርፋት ጊዜ እንደ ጥንቱ ከእንጨት ደጋን ትሠራለች። ይሄን ቀላሉን ያወጣችላት፣ ጠዋት ልጅቷ ሹራቧን ስታወልቅ ፊቷን ማጨማደዷን አይታ ነው። ምንም አልጠየቀቻትም፤ ሞክሪው ብቻ አለቻት።

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከወንድሟ የወረሰችውን ከባድ ደጋን በትምህርት ቤቱ የቀስት ክበብ ፊት ስባ ጉድ ካሰኘች ወዲህ፣ «ምን አለው? እንደ ላስቲክ እኮ ነው የሚሳበው» እያለች ስትጎርር ከርማለች። ትከሻዋ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቷታል። ነገ አሰልጣኙ ለውድድር አራት ልጆች ይመርጣል። በቀላል ደጋን ብትቀርብ መሳቂያ የምትሆን መስሏት ፈርታለች።

አክስቷ ፍላጻዎቹን ነቅላ መጣች። ደንበኞች ረስተው የሄዱዋቸው ስለሆኑ አንዱ ካንዱ አይገጥምም፤ ወፍራምም፣ ረጅምም፣ ላባው የተሸረፈም አለ። እነሱን ወደ ጎን ትታ፣ ልጅቷ ንቃ መሬት ላይ የተወቻትን ቀጭኗን አነሳችና ይቺን ብቻ ሦስት ጊዜ ወርውሪ አለቻት።

ሳትወድ ወረወረች። ፍላጻዋ ከመሃሉ ነጥብ ሁለት ጣት ያህል ርቃ ተሰካች። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ውርወራ እዚያው አካባቢ አረፈ። ትከሻዋም ትንፍሽ አላለም።

ወፍራም ፍላጻ ለቀላል ደጋን ግትር እንደሚሆንበትና ወደ ጎን እንደሚያመልጥ አክስቷ አስረዳቻት። ልጅቷ ወፍራም ወፍራሙን ያስቀደመችው ጉልበታም ስለመሰላት ነበር። ይህን መናገር አፈረች።

በዚህ መሃል የክፍል ጓደኛዋ በግቢው በር ገባች። ከክበቡ የተዋሰችው ከባድ ደጋን ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። አሰልጣኙን ስንት ቀን ለምና ነው ያስፈቀደችው።

«እንዳንቺ ልሁን ብዬ እኮ ነው» አለች። «ክርኔን ትንሽ ይዞኛል፤ ይለመዳል አይደል? ያ ደሞ የማን ነው? የሕፃን?»

ልጅቷ የጎረቤት ልጅ ደጋን ነው ልትል አፏን ከፈተች። ከጓደኛዋ እጅጌ ስር ግን ፋሻ ብቅ ብሎ አየች።

«የኔ ነው» አለች። «ነገም በዚሁ ነው የምቀርበው። ከባዱ ትከሻዬን ጨርሶታል። እንደ ላስቲክ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

ጓደኛዋ ፋሻውን በእጅጌዋ ሸፈነች። ከዚያ ለምን እስከዛሬ እንዳልነገረቻት ጠየቀች። ልጅቷ ቀላሉን ደጋን ዘረጋችላት።

ጓደኛዋ ወዲያው አልተቀበለቻትም። ልጅቷም የዘረጋችውን እጇን አልሰበሰበችም።