ድግምት የቀለበው ዘንዶ

ዘንዶው ቃሉር የአዝማራን አገር ምንጭ በገላው ደፍኖ ከተኛ ወዲህ፣ የተላከው ጀግና ሁሉ የአባቶችን ድግምት ቃል ሳያዛንፍ እየደገመ ተበላ። ንጉሡም የቀረውን ውሃ በቀንድ ዋንጫ ማደል ጀመሩ።

ድግምቱን እንደ ዳሞር የሸመደደ ተማሪ አልነበረም። በመምህር ኤልያብ ቀኝ የሚቀመጠውም እሱ ነበር፤ ስሂን እስክትመጣ። ስሂን ሁለት ስንኝ በቅጡ አይዘልቃትም፤ ጥያቄ ግን አያልቅባትም። መምህሩ ደግሞ በስተርጅና «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ማለት አመጡና የቀኙን ቦታ ለሷ ሰጧት። ዳሞር በቅናት አረረ።

ሁለቱን ወደ ዘንዶው ሲልኳቸው መምህሩ፣ «ልጆቼ፣ ያልኩትን እንድትደግሙ አልልካችሁም። አይታችሁ አስቡ፤ አስባችሁ አድርጉ» አሉ።

«ምንጩን ሳላስለቅቅ ብመለስ አፈር ልብላ» ብሎ ዳሞር ማለ። በልቡ የማለው ግን ስሂንን ሊቀድማት ነበር።

ቀደማትም። ዘንዶው ፊት ቆሞ ድግምቱን ሲያንበለብለው ደረሰችበት።

«ዳሞር፣ ዝም በል እስቲ። አንገቱን አላየኸውም? አንድ ስንኝ ባልክ ቁጥር ይወፍራል። የምንቀልበው እኛው ነን።»

«ስላልቻልሽው ነው የምታጣጥዪው» አላት። ዞሮ ሲያይ ግን እውነቷን ነበር፤ ይህም ይበልጥ አበገነው። ድግምቱን አቋረጠ።

ቃሉር ሳቀ። «አፍህን ብትዘጋ ከልብህ እመጥጠዋለሁ። የሸመደድከው ውስጥህ እስካለ አልራብም።»

በምንጩ ዳር የዝንጋታ ቅጠል ይበቅላል። ያኘከው ሰው የሸመደደው ሁሉ እንደሚጠፋበት የአዝማራ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አይነካውም። ዳሞር ስሂንን የሚበልጥበት ነገር ያ ድግምት ብቻ ነበር። ቅጠሉን ቀጥፎ እያለቀሰ አኘከው። ስንኞቹ ተራ በተራ ከውስጡ ወጡ፤ ዘንዶውም እንደ ባዶ ስልቻ ተሟሸሸ፤ ውሃው ገነፈለ።

በድሉ ቀን ንጉሡ፣ «የአባቶችን ምስጋና አድርስልን» አሉት። ዳሞር አፉን ቢከፍት አንድም ቃል አጣ። ፊደል በሚቆጥሩት ሕፃናት እንኳ ቀና። ከዚያ እንዲህ አለ፤

«ውሃ ሆይ፣ እኛ ስንለፈልፍ አንተ ዝም አልክ። አሁን አንተ ተናገር፤ እኛ እንስማ።»



«የማን ስንኝ ነው?» አሉ ንጉሡ።

«የእኔ ነው» አለ ዳሞር።

ስሂን ትክ ብላ አየችው። ያንን አስተያየት ዳሞር ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ቅናት ነበር።