ከፀጉር ቤቱ የተላከው ጥያቄ

መጀመሪያ የሰማችው ድምፅ ነው። የፊዚክስ መምህሯ ድምፅ፣ ከፀጉር መላጫው ማሽን እዝዝታ ጋር ተቀላቅሎ ከአባቷ ፀጉር ቤት ይወጣል። ኳሷን በብብቷ እንደያዘች በር ላይ ደርቃ ቀረች። «መጣ፤ ሊነግርብኝ መጣ» አለች በልቧ።

አንገቷን ብቅ ስታደርግ መምህሩ የለም። ያለው የራሷ ስልክ ነው፤ ከመስታወቱ ሥር የአልኮል ጠርሙሱን ተደግፎ ትምህርቱን ያነበንባል። ትታው የሄደችው እሷው ናት፤ ድምፁን ግን ዘግታው ነበር። አባቷ ማሽኑን አጥፍቶ፣ በአንድ እጁ የደንበኛውን ጭንቅላት እንደያዘ፣ አንገቱን ወደ ስልኩ አስግጎ ያዳምጣል። ደንበኛውም ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ ጎፈሬ እንደሆነ አብሮ ያዳምጣል።

ዘንድሮ ከትምህርቱ ግማሹ የሚሰጠው በስልክ ነው። መምህሩ ቀርጾ የትምህርት ቤቱ አፕ ላይ ይጭነዋል፤ እስከ መጨረሻው ያየ ተማሪ ስሙ ፊት የራይት ምልክት ይወጣለታል። መዝለል የለም። አፑ ግን የሚያውቀው ስልኩ መከፈቱን እንጂ ፊቱ ዓይን መኖሩን አይደለም። በቅጥነቷ የተነሳ ክፍል ውስጥ «ጭራሮ» የሚሏት ይህች የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ዘዴውን ካገኘችው ሦስት ሳምንቷ ነው። ቪዲዮውን ትከፍትና፣ ቻርጅ ላይ ነው እንዳትነካው ብላ ለአባቷ ትታው፣ ወደ ሜዳ።

ከሦስት ቀን በኋላ መምህሩ ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ ግድግዳው ላይ አበራ።

«ሁለት መስታወት ፊት ለፊት ሲቆም፣ ምስሉ ወደ ውስጥ እየራቀ ሲሄድ ለምን እየጨለመ፣ ደግሞም አረንጓዴ እየመሰለ ይሄዳል? እኛ ጋ ከአስራ አንደኛው በኋላ አይታይም።»

ከሥሩ የእሷ ስም አለ። መምህሩ በማስተማር ዘመኑ ይህን የጠየቀው ተማሪ እንደሌለ፣ ለመመለስም መጽሐፍ ማገላበጥ እንዳስፈለገው ተናገረ። ከዚያ መልሱን ማስረዳት ያዘ። የእሷ ጆሮ ግን ጭው ብሎ ነበር። በትምህርት እረፍቱ ጊዜ ወደ አንድ ትልቅ ቤተ ሙከራ የሚሄዱት በጥያቄያቸው ከየትምህርት ቤቱ የተመረጡ ሰባት ልጆች ናቸው። ስድስቱ ታውቀዋል፤ ሰባተኛዋ እሷ መሆኗን የሰማችው በጭብጨባው መሃል ነው። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ጥያቄዋን ለሌሎቹ ልጆች በስልክ በቀጥታ ታቀርባለች።

እዚያ ቤተ ሙከራ ቴሌስኮፕ አለ። ጨረቃን በቴሌስኮፕ የማየት ነገር ከትንሽነቷ ጀምሮ እንቅልፍ ይነሳታል፤ የስልኩ ትምህርት ነው እንቅልፍ የሚጥላት። ጥያቄው የእሷ አለመሆኑን ደበቀች።

«ጭራሮ እሳት ያዘች» አለ የክፍሉ ቀልደኛ ከኋላ። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀጉር ቤቱ ጭር ባለበት፣ አባቷን ጠየቀችው። ምላጭ እየቀየረ ነበር። እንደ ልጅ አቀረቀረ።

«ሰውየው እኮ ዓይን ዓይኔን እያየ ‹ጥያቄ ካላችሁ ጻፉ› አለ። ዝም ማለት ነውር መሰለኝ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ በፀጉር ቤቱ የፊትና የኋላ መስታወቶች መሃል ቆሞ ይህን ነገር ሲያስብ እንደኖረ፣ የሚጠይቀው ሰው ግን እንዳላገኘ ነገራት። ትምህርቱን ያቋረጠው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው፤ አባቱ ሲሞት መቀሱን እሱ ተረከበ። ጥያቄው በእሷ ስም መሄዱን አላወቀም፤ ማንም የሚጽፍበት መስሎት ነው።

«ጎዳሁሽ እንዴ፣ የኔ እናት?»

«ኧረ ምንም።»

«ታዲያ ምን ብሎ መለሰ?»

እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ መልሱን አልሰማችውም። አባቷ ምላጩን በጣቶቹ መሃል እንደያዘ ይጠብቃል። ፊቱ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ፊት ሆኗል።

ያን ዕለት ቪዲዮውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አየችው። ያልገባትን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለሰችው። መምህሩ ከጥያቄው ሥር መልሱን ጽፎታል፤ ብርሃን መስታወቱን በነካ ቁጥር መስታወቱ ትንሽ ትንሽ ይቀንስበታል፤ ከቀለማቱ ግን አረንጓዴውን ያህል የሚምረው የለም። ለአባቷ አነበበችለት። እሷም ገባት። ቅዳሜ ይህን ማስረዳት አይከብዳትም፤ ማንም አያውቅባትም። አባቷም ቢሆን፣ የእኔ የአንቺ ነው፣ ምን ልዩነት አለው ብሏታል። ልዩነቱ እሷን ነው እንቅልፍ የነሳት።

ዓርብ ጠዋት ለመምህሩ መጻፍ ጀመረች። ጻፈች፣ ሰረዘች። ጻፈች፣ ሰረዘች። በአራተኛው ዓይኗን ጨፍና ላከችው፤ «መምህር፣ ጥያቄው የአባቴ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው። እኔ ቪዲዮውን ከፍቼ ኳስ ልጫወት ስሄድ የሚሰማው እሱ ነበር።»

መልሱ እስኪመጣ ጥፍሯን ጨረሰችው። መምህሩ ሳታይ ያገኘቻቸው ራይቶች እንደሚሰረዙ፣ ሰባተኛው ቦታም ክፍት እንደሆነ ጻፈላት። የራሷ ጥያቄ ካላት እንደማንኛውም ተማሪ እስከ ሰኞ መላክ ትችላለች። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ይላል፤ «ቅዳሜ፣ የጠየቀው ሰው ራሱ ይቅረብ።»

ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ይሞላል። ለአባቷ አልነገረችውም፤ ብትነግረው ቤቱን ዘግቶ እንደሚጠፋ ታውቃለች። ለአራት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀር ስልኩን ፊቱ አቆመችው። አባቷ የጡረተኛ ጎረቤታቸውን ጢም በአረፋ ሸፍኖ ምላጭ አንስቷል። ስልኩ ላይ በትናንሽ ሳጥኖች ውስጥ የማያውቃቸው ልጆች ብቅ ብቅ አሉ፤ ከዚያ መምህሩ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? የመስታወቱን ነገር የጠየቁን እርስዎ ነዎት?»

አባቷ መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ እሷን አየ። ምላጩ አየር ላይ ቀረ።

«መልስለት እንጂ» አሉ ጡረተኛው ከአረፋው ውስጥ። «የኔ ጢም እንደሆነ የትም አይሄድ።»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ ቀጠን ባለ ድምፅ። «ግን ሌላም ጥያቄ አለኝ» ሲል ጨመረ።

ልጅቱ ምላጩን ከእጁ ቀስ ብላ ወስዳ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ደብተሯንና እስክሪብቶዋን አነሳች። ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። «ጥያቄ ፍለጋ» ብላው፣ በወረፋ ጠባቂዎቹ ጉልበቶች መሃል ተሽሎክልካ ወጣች።